የዲጂታል ቴክኖሎጂ ድጋፍ ገንዘብ፦ ከማመልከቻው በፊት እስከ መጨረሻው ደረሰኝ

የገንዘብ ድጋፍ ሲባል ብዙ ነጋዴ የሚያስበው እንዲህ ነው። ቅጽ ይሞላል፣ ይፈቀድለታል፣ ገንዘቡ አካውንቱ ይገባል፣ ከዚያ ሶፍትዌሩንና ኮምፒውተሩን ይገዛል። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ታመለክታላችሁ፣ ፈቃድ ትጠብቃላችሁ፣ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ፣ ሥራው ሲያልቅ ደረሰኝ ታስገባላችሁ። ከዚያ በኋላ ነው የወጪው ከፊል የሚመለስላችሁ።

ይህን ቅደም ተከተል ያላወቀ ሰው ሁለት ቦታ ላይ ይወድቃል። ወይ ፈቃድ ሳያገኝ ገዝቶ ድጋፉን ያጣል፤ ወይ ድጋፉ ተፈቅዶለት ቀድሞ የሚከፍለው ያጣል። ስለዚህ መመሪያውን በዚሁ ቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ደረጃ 1፦ ገንዘቡን ከመፈለጋችሁ በፊት ችግሩን ጻፉ

"ድጋፍ ተከፍቷል፣ ምን እንግዛበት?" ብሎ መጀመር በጣም የተለመደ ነው። ውጤቱም የታወቀ ነው፤ ማንም የማይከፍተው ድረ ገጽ፣ ሠራተኛው የማይጠቀምበት ሶፍትዌር፣ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ታብሌት።

አንድ ወረቀት አውጡና በሥራችሁ ላይ ጊዜ ወይም ገንዘብ የሚያባክነውን ነገር ጻፉ። ትዕዛዝ በስልክ ተቀብላችሁ ደብተር ላይ ስትመዘግቡ ይጠፋባችኋል? መጋዘን ውስጥ ያለውና መዝገብ ላይ ያለው ዕቃ አይገጥምም? ደረሰኝ ለመሰብሰብ ወር በመጣ ቁጥር ሦስት ቀን ይፈጃል? ደንበኛ ዱቤውን ከፍሏል አልከፈለም የሚለውን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው? ከነዚህ መካከል በጣም የሚያስወጣችሁን አንዱን ምረጡ። አንዱን ብቻ።

ከዚያ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ቁጠሩት። በቀን ስንት ትዕዛዝ ይመጣል? ስንቱ ይሳሳታል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ይህ ቁጥር በኋላ የማመልከቻው ጉልበት ነው። የድጋፉ ሥራ ካለቀ በኋላም "ምን ተለወጠ?" ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። መነሻውን ያልቆጠረ ሰው ለውጡን ማሳየት አይችልም።

ብዙ ፕሮግራሞች ይህን ሥራ ራሳቸው ያስገድዳሉ። "ኪት ዲጂታል" የተባለው የስፔን የድጋፍ ፕሮግራም አመልካቹ መጀመሪያ የድርጅቱን የዲጂታል ደረጃ የሚለካ ፈተና በኢንተርኔት እንዲሞላ ያደርግ ነበር። ካናዳ በ2022 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የጀመረችው የዲጂታል ማስፋፊያ ፕሮግራም ደግሞ በአንደኛው ዘርፉ ገንዘቡን የሰጠው ለዕቃ መግዣ ሳይሆን ለዕቅድ ነበር። በአማካሪ ለሚዘጋጅ የዲጂታል ዕቅድ ከወጪው እስከ 90 በመቶ፣ ቢበዛ 15,000 የካናዳ ዶላር ይሸፍን ነበር። ዕቅዱ በእጁ የሆነ ድርጅት ነው ወደ ወለድ አልባው ብድር የሚሄደው፤ እሱም እስከ 100,000 ዶላር ይደርስ ነበር። በእኔ እምነት ከሁሉም ብልህ የነበረው ይህ አካሄድ ነው። መጀመሪያ አስብ፣ ከዚያ ግዛ የሚል ነውና።

ደረጃ 2፦ የድጋፉን ዓይነት ለዩ

ስሙ ምንም ይሁን፣ ከጀርባው ያለው ከሚከተሉት አንዱ ነው።

ግራንት፦ የማይመለስ ገንዘብ ነው። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከፊል ወጪን ብቻ ይሸፍናል፤ ቀሪው የእናንተ መዋጮ ነው። ሲንጋፖር ቀድሞ ለተፈቀዱ ሶፍትዌሮችና መሣሪያዎች የምትሰጠው የምርታማነት ድጋፍ ከወጪው እስከ ግማሽ ይሸፍናል። ጀርመን ከ2020 እስከ 2023 ባካሄደችው "ዲጂታል የትስት" በተባለው ፕሮግራም ለአንድ ድርጅት እስከ 50,000 ዩሮ ሰጥታለች።

ቫውቸር፦ ገንዘቡ በእጃችሁ አይገባም። በወረቀቱ ወይም በኮዱ ከተመዘገበ አቅራቢ አገልግሎት ትገዛላችሁ፤ አቅራቢው ከፕሮግራሙ ይቀበላል። የስፔኑ ኪት ዲጂታል የዚህ ዓይነት ነበር። ሲጀመር ከ10 እስከ 49 ሠራተኛ ላለው ድርጅት 12,000 ዩሮ፣ ከ3 እስከ 9 ላለው 6,000 ዩሮ፣ ከዚያ በታች ላለው 2,000 ዩሮ ነበር። ቀድሞ መክፈል ለማይችል ትንሽ ድርጅት ቫውቸር ከግራንት ይሻላል። ጉዳቱ ምርጫችሁ በተመዘገቡት አቅራቢዎች መወሰኑ ነው።

ወለድ አልባ ወይም አነስተኛ ወለድ ያለው ብድር፣ ወይም የብድር ዋስትና፦ ይህ ዕዳ ነው። "ድጋፍ" የሚለው ስም አያታልላችሁ። ያም ሆኖ ለትልቅ ማሽን ወይም ለትልቅ ሥርዓት ከግራንት ይልቅ የሚመቸው እሱ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡ ቀድሞ ይመጣልና።

የታክስ ቅናሽ፦ ማመልከቻ የለውም፣ ውድድር የለውም። ሰው የሚረሳውም ለዚህ ነው። አውስትራሊያ ከመጋቢት 2022 መጨረሻ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2023 ለዲጂታል ነገር ያወጡ ትንንሽ ድርጅቶች የወጪያቸውን ተጨማሪ 20 በመቶ ታክስ ከሚሰላበት ገቢ ላይ እንዲቀንሱ ፈቅዳ ነበር። የሚገርመው ሕጉ የጸደቀው ጊዜው ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ነው። ደረሰኛቸውን ለይተው ያስቀመጡ ብቻ ተጠቀሙ። ሌላ ምንም ባታደርጉ የሂሳብ ባለሙያችሁን "ለሶፍትዌርና ለመሣሪያ ያወጣሁት ላይ የሚቀነስ ነገር አለ?" ብላችሁ ጠይቁ።

በዓይነት የሚሰጥ፦ ሥልጠና፣ ምክር፣ የሙከራ ቦታ። የአውሮፓ ኅብረት በየአገሩ ያቋቋማቸው የዲጂታል ፈጠራ ማዕከላት ድርጅቶች ቴክኖሎጂውን ከመግዛታቸው በፊት እንዲሞክሩት ያደርጋሉ። ገንዘብ ስላልሆነ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን የማይሆን ሥርዓት ከመግዛት የሚያድን አንድ የሙከራ ሳምንት ከትንሽ ግራንት ይበልጣል እላለሁ።

የት ነው የሚፈለገው? የንግድ ወይም የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር፣ የአነስተኛ ድርጅቶች ድጋፍ ሰጪ መሥሪያ ቤት፣ የንግድ ምክር ቤት፣ የልማት ባንክ፣ የምትሠሩበት ባንክ። ዓለም ባንክን የመሰሉ ተቋማት ለአንድ ሱቅ በቀጥታ ገንዘብ አይሰጡም። ገንዘባቸው በመንግሥት ፕሮጀክቶችና በአገር ውስጥ ባንኮች በኩል ነው የሚወርደው። ስለዚህ "ከዓለም ባንክ ተመርጠዋል" የሚል መልእክት ስልካችሁ ላይ ቢመጣ አጥፉት።

ደረጃ 3፦ መመሪያውን ከኋላ ወደ ፊት አንብቡ

ፕሮግራሙን የሚያስተዋውቀው ገጽ ስለ ዕድል ያወራል። ሕጉ ያለው ግን "መመሪያ" ወይም "ውሎችና ሁኔታዎች" የሚለው ሰነድ ውስጥ ነው። ያንን አውርዱ። መጀመሪያም "የማይሸፈኑ ወጪዎች" የሚለውን ክፍል ክፈቱ። ጊዜ የሚቆጥበው ይህ ነው። ልትገዙት ያሰባችሁት ነገር እዚያ ዝርዝር ውስጥ ካለ ሌላውን ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

ብዙ ጊዜ የማይሸፈኑት፦ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የራሳችሁ ሠራተኞች ደመወዝ፣ ያገለገለ ዕቃ፣ ተራ ኮምፒውተርና ስልክ፣ የኢንተርኔት ወርሃዊ ክፍያ፣ ቀድሞ የነበረን ሶፍትዌር ማደስ፣ እና ፈቃድ ከመገኘቱ በፊት የወጣ ማንኛውም ወጪ። አንዱ ፕሮግራም የሚሸፍነውን ሌላው ይከለክላል። ከዚያ ከዚህ በሰማችሁት አትሂዱ።

ቀጥሎ ማን ማመልከት ይችላል የሚለውን እዩ። የሠራተኛ ብዛት፣ የዓመት ሽያጭ፣ ድርጅቱ የቆየበት ጊዜ፣ የባለቤትነት ድርሻ፣ የሥራ ዘርፍ። የታክስ ዕዳ ያለበት ድርጅት ብዙ ቦታ አይፈቀድለትም። እዚህ ላይ ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ ስልክ ደውላችሁ አትለፉት፤ በኢሜይል ጠይቁ። የተጻፈ መልስ በኋላ ማስረጃ ይሆናል።

ብዙዎች የማያዩት አንድ ገደብ አለ። ከዚህ በፊት የተቀበላችሁት ድጋፍ ይደመራል። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለአንድ ድርጅት የሚሰጥ አነስተኛ የመንግሥት ድጋፍ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ300,000 ዩሮ ማለፍ የለበትም። ከ2024 በፊት ጣሪያው 200,000 ነበር። ለትንሽ ድርጅት ይህ ሩቅ ነው። ግን ለአንድ ወጪ ከሁለት ፕሮግራም መቀበል ሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል ክልክል ነው፤ ይህ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ጊዜ የሚፈጁ ወረቀቶችን ዛሬውኑ ጀምሩ። የታክስ ክሊራንስ፣ የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የተመረመረ የሂሳብ ሪፖርት፣ የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ። ጃፓን ለሶፍትዌር መግዣ በምትሰጠው ድጋፍ አመልካቹ የድርጅት ዲጂታል መለያ እንዲኖረው ይጠየቃል፤ ስለ መረጃ ደህንነትም ቃል መግባት አለበት። እነዚህ ከባድ አይደሉም። ቀነ ገደቡ ነገ ከሆነ ግን ከባድ ናቸው።

ደረጃ 4፦ የኪሳችሁን ሂሳብ ሥሩ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

የሥርዓቱ ዋጋ 10,000 ነው እንበል። በየትኛውም ገንዘብ አስቡት። ድጋፉ 50 በመቶ ይሸፍናል። ስለዚህ 5,000 ከእናንተ፣ 5,000 ከእነሱ፤ አይደል? አይደለም። 15 በመቶ ታክስ አለ እንበል። የምትከፍሉት 11,500 ነው። ድጋፉ ታክስን አይሸፍንም፤ ስለዚህ የሚመለስላችሁ 5,000 ብቻ ነው። ታክሱን በሌላ መንገድ የማታካክሱ ከሆነ ከኪሳችሁ የሚወጣው 6,500 ሆነ። ያም የመጨረሻው ሂሳብ ነው። መጀመሪያ ግን 11,500ውን ሙሉ ትከፍላላችሁ፤ 5,000ው እስኪመለስ ትጠብቃላችሁ።

አሁን ደግሞ ጣሪያውን አስቡ። ፕሮግራሙ "50 በመቶ፣ ቢበዛ 3,000" የሚል ከሆነ የእናንተ ድርሻ 8,500 ይሆናል። መቶኛው ብቻውን ምንም አይናገርም። መቶኛውንና ጣሪያውን አብራችሁ አንብቡ።

ሦስተኛው የሚረሳ ነገር ቀጣዩ ዓመት ነው። ዛሬ አብዛኛው ሶፍትዌር በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፈልበታል። ድጋፉ የመጀመሪያውን ዓመት ይሸፍናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእናንተ ነው። ስለዚህ የሦስት ዓመት ሂሳብ ሥሩ። ግዢ፣ ወርሃዊ ክፍያ፣ ሥልጠና፣ ጥገና፣ የኢንተርኔት ተጨማሪ ወጪ፣ መረጃውን ከደብተር ወደ ሥርዓቱ የሚያስገባ ሰው ጊዜ። በተለይ የመጨረሻው። አንድ ሺህ ዓይነት ዕቃ ያለው መደብር ዝርዝሩን አጽድቶ ለማስገባት የሚፈጅበትን ጊዜ ማንም ፕሮፎርማ ላይ አይጽፈውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ። ድጋፉ ባይኖር ይህን ነገር በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት እንገዛው ነበር? መልሱ "በጭራሽ" ከሆነ ተጠንቀቁ። ግማሽ ዋጋ የተከፈለበት የማያስፈልግ ዕቃ ግማሽ ኪሳራ ነው።

ቀድሞ የሚከፈለው ከሌለ ሦስት መንገድ አለ። ፕሮግራሙ ቅድመ ክፍያ ወይም በየምዕራፉ የሚከፈል ክፍያ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ። አቅራቢው በየክፍሉ እንዲያስከፍላችሁ ተደራደሩ። ወይም የማጽደቂያ ደብዳቤውን ይዛችሁ ባንክ ሂዱ፤ አንዳንድ ባንክ በእሱ ላይ የአጭር ጊዜ ብድር ይሰጣል። ወለዱን ግን ሂሳቡ ውስጥ አስገቡ።

ደረጃ 5፦ ፕሮፎርማ ሰብስቡ፣ አቅራቢውን መርምሩ

አንዳንድ ፕሮግራም ሁለት ወይም ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል። ባይጠይቅም ሰብስቡ። ለሁሉም አቅራቢዎች አንድ ዓይነት ዝርዝር ላኩ፤ አለበለዚያ አንዱ ሥልጠና ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ያቀርብና ዋጋው አይወዳደርም። ፕሮፎርማው በዝርዝር መከፋፈል አለበት። ሶፍትዌር ይህን ያህል፣ መሣሪያ ይህን ያህል፣ ሥልጠና ይህን ያህል። "ሙሉ የዲጂታል ፓኬጅ" የሚል አንድ መስመር ብቻ ያለው ፕሮፎርማ ገምጋሚው ፊት አይቆምም። የዘመድ ወይም የራስ ሌላ ድርጅት ፕሮፎርማ ማቅረብም አብዛኛው ቦታ የተከለከለ ነው።

አቅራቢውን እነዚህን ጠይቁት፦

የድረ ገጹ ስም (ዶሜይኑ) በማን ስም ይመዘገባል? በእናንተ መሆን አለበት። ይህ የማይታለፍ ነው። ዶሜይኑ በሠሪው ስም ከሆነ በተጣላችሁ ቀን ሱቃችሁ ተዘጋ ማለት ነው።

መረጃችንን በፈለግን ጊዜ አውጥተን መውሰድ እንችላለን? በምን ዓይነት ፋይል? የዋናው አስተዳዳሪ ፓስዎርድ ማን እጅ ነው? ሥርዓቱ ሲቆም በስንት ሰዓት ውስጥ ነው የምትመጡት? ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል? ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ዋጋው ስንት ነው?

ሌላም ነገር አለ። "የእናንተን ድርሻ እኔ በጓሮ እመልሳለሁ፣ ሙሉው ነፃ ይሆንላችኋል" የሚል አቅራቢ ካጋጠማችሁ ውጡና ሂዱ። ዋጋውን አስብጦ ድጋፍ ሰጪውን ማጭበርበር ነው። ሲታወቅ ደግሞ ተጠያቂው ማመልከቻው ላይ የፈረመው ሰው ነው፤ እናንተ ማለት ነው።

አማካሪም እንዲሁ። ማመልከቻ የሚጽፍ አማካሪ መቅጠር ችግር የለውም፤ ጥሩዎች አሉ። ግን "ገንዘቡ እንዲለቀቅ ቅድሚያ ይህን ያህል አስገቡ" የሚል ሰው አማካሪ አይደለም። "በእርግጠኝነት አስፈቅዳለሁ" የሚልም እንደዚያው። የሚፈቅደው እሱ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ማመልከቻውን በቁጥርና በተራ ቋንቋ ጻፉ

ገምጋሚው በቀን ብዙ ማመልከቻ ያነባል። "የዲጂታል ሽግግርን በማፋጠን ተወዳዳሪነታችንን ለማሳደግ" የሚል ዓረፍተ ነገር በእያንዳንዱ ውስጥ አለ። ምንም አይነግረውም።

ይህን ከዚህ ጋር አወዳድሩት፦ "በቀን 40 ያህል ትዕዛዝ በስልክና በመልእክት እንቀበላለን። ሦስት ሳምንት ቆጥረን በአማካይ በቀን 4 ትዕዛዝ ተሳስቶ እንደሚላክ አይተናል። እነሱን ለመመለስ አንድ ሠራተኛ በቀን 2 ሰዓት ያህል ያጠፋል። ትዕዛዝና መጋዘንን የሚያገናኝ ሥርዓት አስገብተን በስድስት ወር ውስጥ ስህተቱን ወደ 1 ማውረድ እንፈልጋለን።" ምንም የረቀቀ ነገር የለውም። ችግሩ፣ መጠኑ፣ መፍትሔው፣ ግቡ፣ ጊዜው አለ። ገምጋሚው ነጥብ መስጫ ሰንጠረዥ አለው፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ሳጥን ይሞላለታል።

ሰንጠረዡ የታተመ ከሆነ አግኙት። ከ100 ነጥብ 30ው ለሥራ ፈጠራ ከሆነና እናንተ ስለ ሠራተኛ አንድ ቃል ካልጻፋችሁ 30ውን በፈቃዳችሁ ትታችሁታል። ማመልከቻውን በዚያው ቅደም ተከተል አዋቅሩት።

ግቡን አታጋኑ። "ሽያጫችን በሦስት እጥፍ ያድጋል" የሚለው ዛሬ ያምራል። ከዓመት በኋላ ሪፖርት ስትጽፉ ግን ይይዛችኋል። ልታረጋግጡት የምትችሉትን ብቻ ጻፉ።

አሁን አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚል ቃል ያልገባበት ማመልከቻ ማግኘት ከባድ ሆኗል። ፕሮግራሙ ለእሱ የተለየ ነጥብ ካልሰጠና እናንተም ልትጠቀሙበት ካልሆነ ተዉት። የመጋዘን ችግር ያለበት ድርጅት የሚፈልገው የመጋዘን መፍትሔ ነው።

ማን እንደሚሠራውም ጻፉ። ከውስጥ አንድ ኃላፊ ስም፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሰጠው፣ ሠራተኛው መቼ እንደሚሠለጥን። ይህ ክፍል ባዶ ሲሆን ገምጋሚው "ሶፍትዌሩ ይገዛል እንጂ አይሠራበትም" ብሎ ይገምታል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው።

ከማስገባታችሁ በፊት ሥራችሁን የማያውቅ ሰው ያንብበው። ቁጥሮቹ በሁሉም ገጽ አንድ መሆናቸውን አረጋግጡ። ፕሮፎርማው 10,000 ብሎ በጀቱ 10,500 የሚል ማመልከቻ በጥሩ ሐሳብም ይወድቃል። የድርጅቱ ስም በንግድ ፈቃዱ፣ በባንክ ሂሳቡና በቅጹ ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን።

ቀነ ገደቡን አትጠብቁ። አንዳንዱ ፕሮግራም በቅደም ተከተል ያስተናግዳል፣ ገንዘቡ ሲያልቅም ይዘጋል። የካናዳው ዕቅድ ማሠሪያ ድጋፍ በየካቲት 2024 ገንዘቡ በማለቁ አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቁሟል። በጀርመኑ ፕሮግራም ደግሞ አመልካቹ ስለበዛ በየወሩ ዕጣ ይወጣ ነበር። የተገላቢጦሹም አለ። እንግሊዝ በ2022 መጀመሪያ ለሶፍትዌር መግዣ እስከ 5,000 ፓውንድ የሚደርስ ቅናሽ ይዛ ወጣች። 100,000 ድርጅት ይጠቀማል ተብሎ ነበር። ሥራ ላይ የዋለው ቫውቸር ከ1,000 በታች ሆነና በ2023 መጀመሪያ ተዘጋ። ቅናሹ ከተመረጡ ጥቂት ሶፍትዌሮች ውጭ አይሠራም ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ ነገም ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ሰው ሁሉ ያመለክታል ብላችሁም አትፍሩ።

ደረጃ 7፦ በመጠበቂያው ጊዜ ምንም አትግዙ

አጭር ደረጃ ነው፤ ግን ብዙ ድጋፍ የሚቃጠለው እዚህ ነው። ውል አትፈርሙ። ቀብድ አትክፈሉ። "ቅናሹ ዛሬ ያበቃል" ቢላችሁም ለአቅራቢው ትዕዛዝ አትላኩ። በሲንጋፖሩ ድጋፍ ከማመልከቻው በፊት ለአቅራቢ የተከፈለ ነገር ካለ ድጋፉ አይሰጥም። ሌሎች ደግሞ ከማመልከቻው ቀን ሳይሆን ከማጽደቂያው ደብዳቤ ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጥሩት። የትኛው እንደሆነ መመሪያው ላይ አስምሩበት።

ጊዜው ግን ባዶ አይደለም። የዕቃ ዝርዝራችሁን አጽዱ፣ የደንበኛ ስልክ አስተካክሉ፣ ነፃ የሙከራ ስሪት ካለ ሠራተኛው ይለማመድበት። ይህ ሁሉ ወጪ የለውም።

ደረጃ 8፦ ሥሩ፣ ሰንዱ፣ ክፍያ ጠይቁ

ደብዳቤው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ገንዘቡ ነው። እናንተ ቀኑን እዩ። ሥራው መቼ ማለቅ አለበት? የክፍያ ጥያቄው እስከ መቼ መግባት አለበት? ሁለቱ የተለያዩ ቀኖች ናቸው። ካላደረሳችሁ ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ማራዘሚያ ጠይቁ። ካለፈ በኋላ የሚጠየቅ ማራዘሚያ ብዙም አይሰማም።

አቅራቢ ወይም ሞዴል ለመለወጥ ካሰባችሁም መጀመሪያ አስፈቅዱ። የተሻለና የረከሰ ነገር ብታገኙ እንኳ። የተፈቀደላችሁ እዚያ ወረቀት ላይ ያለው ነው።

ከመጀመሪያው ቀን አንድ ፋይል ክፈቱ። እነዚህን ሰብስቡበት፦ የጸደቀው ማመልከቻ፣ ፕሮፎርማዎቹ፣ ውሉ፣ ደረሰኙ፣ የባንክ ማስተላለፊያው፣ የባንክ መግለጫው፣ የርክክብ ሰነዱ፣ የመሣሪያው ተከታታይ ቁጥርና ፎቶ፣ የሥርዓቱ የስክሪን ፎቶ፣ የሥልጠና ፊርማ። በጥሬ ገንዘብ አትክፈሉ። ከግል አካውንትም አትክፈሉ። ገንዘቡ ከድርጅቱ አካውንት ወጥቶ ደረሰኙ ላይ ወዳለው ስም መሄድ አለበት። አንድ ክፍያ ለሦስት ደረሰኝ ከሆነ ማብራሪያ ጨምሩ፤ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ብትከፍሉ ደግሞ ይሻላል።

የክፍያ ጥያቄው ከተመለሰ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ገጽ ነው። መልስ ስትሰጡ የጠየቁትን ብቻ፣ በጠየቁት ቅደም ተከተል ስጡ።

ገንዘቡ ከገባ በኋላም ጉዳዩ አላለቀም። መሣሪያውን ለተወሰኑ ዓመታት መሸጥ አይፈቀድም። ሶፍትዌሩ ለተባለው ጊዜ ሥራ ላይ መቆየት አለበት፤ በስፔኑ ፕሮግራም አብዛኛው አገልግሎት ለ12 ወር ነበር። ኦዲተር ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ፋይሉን የውሉ ጊዜ እስኪያልፍ አትጣሉት። የተቀበላችሁት ድጋፍ በአንዳንድ አገር እንደ ገቢ ስለሚቆጠር ለሂሳብ ባለሙያው ንገሩት።

ደረጃ 9፦ ውድቅ ከተደረገ

ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ መስፈርቱን አታሟሉም፣ ወይ ነጥባችሁ አልበቃም። የመጀመሪያው ከሆነ እዚያ ፕሮግራም ላይ ጊዜ አታባክኑ። ሁለተኛው ከሆነ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛችሁበትን ክፍል ብቻ አሻሽላችሁ ለሚቀጥለው ዙር አስገቡ። ይግባኝ ካለ ቀኑን አረጋግጡ፤ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው።

እስከዚያ ግን ችግሩ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ሥራውን በትንሹ ጀምሩት። ለሙሉ ሥርዓት የተሰላውን በጀት ትታችሁ በወር የሚከፈልበትን፣ ለአንድ ቅርንጫፍ ወይም ለአንድ ክፍል ብቻ ውሰዱ። ሙሉ የመጋዘን ሶፍትዌር ካልተቻለ በሚገባ የተዘጋጀ የኤክሴል ሠንጠረዥ ብዙ ርቀት ይወስዳል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ለሚቀጥለው ዙር የምታመለክቱበትን ያንኑ ሶፍትዌር አሁን ከገዛችሁ "አዲስ" መባሉ ይቀራል። የእንግሊዙ ቅናሽ ያንን ሶፍትዌር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ድርጅት ብቻ ነበር። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የቀጣዩን ዙር መስፈርት አንድ ጊዜ ተመልከቱ፤ ካስፈለገም ሌላ መሣሪያ ምረጡ። ነፃ በሆነው የሙከራ ጊዜ የቆጠራችሁትንም ቁጥር አስቀምጡ፤ ለሁለተኛው ማመልከቻ ከመነሻ ቁጥሩ ጋር አብሮ ይገባል።